ያልበሏት ዶሮ

ውድ አደይ ለተኪዳን፣

ልጄ ይስሐቅ «አደይ» ስለሚልዎ እኔም እንደሱ ብያለሁ። እናቴ ማለት እንደሆነ ነግሮኛል። ይህን ስም ከእኔ እኩል ስላገኙት አልቀናሁም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ድምፄን በስልክ ሰምተውታል፤ ግን ምንም ነግሬዎት አላውቅም። እኔ ትግርኛ አልችልም፤ እርስዎም አማርኛው ብዙ አይገባዎትም። ይስሐቅ ስልኩን ሲሰጠኝ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። እርስዎም በትግርኛ አንድ ነገር ይመልሳሉ። ሁለታችንም እንስቃለን፤ ካርዱም ያልቃል።

የመንደራችሁ መምህር ዳንኤል ይህን እየተረጎመ ሲያነብልዎ ቀስ ይበል። ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። የተሳሳተ ቃል ካገኘ ያቃናልኝ። ነገሩን ግን አያቃናልኝ፤ እንዳለ ይንገርዎ።

ባለፈው ወር መምህር ዳንኤል ደውሎ የልጅዎን የሐዲስን መርዶ እንደሰሙ ነገረን። ይስሐቅ በሐዲስ መደብ ላይ ተኝቶ፣ የሐዲስን ሸሚዝ ለብሶ፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይ እያየ ነው ከሞት የተረፈው። ሐዲስ ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚዋጋ አንድም ቀን አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀዎትም፤ ሁለታችሁም ግን ታውቁት ነበር። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ጓሮ ሙዙ ሥር ብዙ ተቀመጠ። ሲገባ፣ «ተዝካሩ በግንቦት ነው። እሄዳለሁ። በስልክ አላለቅስላትም» አለኝ። ደግሞም፣ «ግን ማን ሆኜ ነው የምገባው?» አለ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው። ልጄ ለቅሶ ቤትዎ ከመግባቱ በፊት ማወቅ የሚገባዎ ነገር አለ። ከሰሙት በኋላ አይምጣ ካሉ አይመጣም፤ ቃልዎን ለመምህር ዳንኤል ይንገሩትና እሱ ይደውልልናል።

እርስዎ የሚያውቁትንም ጭምር ከመጀመሪያው እነግርዎታለሁ። እዚህ ሚዛን ተፈሪ እንዴት ሆኖ እንደደረሰን ይወቁት ብዬ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር ይስሐቅ ሠራዊቱን ከተቀላቀለ ዓመት አልሞላውም ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር። «እማዬ፣ እዚህ ዛፍ የለም፣ ድንጋይ ብቻ ነው» ይለኛል። እኛ ከጫካ ሥር የምንኖር ሰዎች ነን። ዛፍ የሌለበት አገር ልጄ የት ይጠለላል እያልኩ እጨነቅ ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ሠራዊቱ ከትግራይ ወጣ ተባለ፤ እሱ ከወጡት ጋር የለም። እኔ ገበያ ኮረሪማና ዝንጅብል ነው የምሸጠው። ሰው ከፊቴ ጎንበስ ብሎ ኮረሪማ ይመርጣል፣ ዓይኔን ግን አያየኝም። አንዳንዶቹ ለቅሶ ተቀመጪ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ጠንካራ ሆኜ አይደለም፤ አንዴ ከተቀመጥኩ እንደማልነሳ ስለማውቅ ነው። ጎረቤቴ ጣይባ ብቻ ስሙን እንደ ድሮው ትጠራው ነበር። ወላጆቿ ከጅማ የመጡ እስላሞች ናቸው፤ በራችን ፊት ለፊት ሱቅ አላት። «ይህን የሚያፈስ ጣሪያ ይስሐቅ ሲመጣ ያስተካክለዋል» ትለኝ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ትለኛለች፤ በእኛ አገር ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ጥቂት ነው።

ያን ጊዜ እርስዎ በለስ ለመልቀም ወጥተው ነበር።

ልጄ እግሩን ፍንጣሪ መትቶት፣ ጓዶቹ ሞቷል ብለው አልፈውት፣ ከበለሱ መሀል ወድቆ ነበር። በለስ አይቶ አያውቅም። እኛ ዘንድ የጫካ ፍሬ እንዳለ ይበላል፤ እሱም ርቦት ከነእሾሁ ገመጠው። ሲያገኙት ከንፈሩና ምላሱ አብጦ መናገር አቅቶት ነበር። ወታደር መሆኑን ልብሱ ይናገራል። ቀደም ብለው ያለፉ ወታደሮች በሬዎን አርደው በልተዋል። በመንደራችሁ ሌላም ብዙ ሆኗል፤ ይስሐቅ እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔም አልጎተጉተውም። ያን ሁሉ ያዩት እርስዎ ቅርጫትዎን መሬት አስቀምጠው፣ ራሱን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ ያን ፀጉር የመሰለ እሾህ ከከንፈሩ እየነቀሉ አወጡለት። እግሩን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። «መጀመሪያ ያለችኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ይለኛል፣ ሁልጊዜም እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። «በአማርኛ ነው ያለችኝ። ሞኝ፣ በለስ እንዲህ ይበላል?»

በአህያዎ ጭነው፣ ከላዩ ጭድ አልብሰው ቤትዎ አስገቡት። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መድኃኒት የለም፣ ባንክ የለም፣ መብራት የለም። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠቡት፤ ጨው ሲያልቅ ለመሸጥ ያስቀመጡትን ማር ቀቡት። ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ፈጭተው አጥሚት አጠጡት። ትኩሳቱ ሲበረታበት የቡና ቅጠል አፍሉልኝ እያለ ያስቸግርዎ ነበር አሉ። በእኛ አገር ቅጠሉን ከዝንጅብልና ከበርበሬ ጋር አፍልተን እንጠጣለን፤ ለታመመ ሰው ደግሞ የግድ ነው። እርስዎ የቡና ፍሬ ካዩ ወራት ሆኖዎት ነበር። ይህ ልጅ በጤናው አይደለም ብለው ግንባሩ ላይ ፀበል ረጩበት። እንኳን ረጩበት።

ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር አቅሙ ግን አልመለስ አለ። ከነበሩዎት ዶሮዎች የቀረችው አንዲት ናት፤ እንቁላሏንም የምትሰጥዎት እሷ ነበረች። ትታረድለት ብለው ወሰኑ።

ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው።

አንገቱ ላይ ማተብ አላዩም። ምግብ ሲቀርብለት አያማትብም። ስሙን ሲጠይቁት ይስሐቅ አለ፤ ስሙ በእስላሙም በክርስቲያኑም ዘንድ አለ። በእርስዎ መንደር ማተብ የሌለው ሰው እስላም ነው፤ ሌላ ዓይነት ሰው አይታሰብም። ስለዚህ ልጁ እስላም ነው ብለው ደመደሙ፤ እሱን ሳይጠይቁ።

አደይ፣ ይስሐቅ እስላም አይደለም። እኛ ሰው ጴንጤ የሚለን ነን። አባቱም እኔም እሱም በዚያው ነው ያደግነው። ማተብ አናስርም፣ አናማትብም። በእኛ ቤት የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ ብለንም አንለይም፤ የቀረበውን አመስግነን እንበላለን። ያቺን ዶሮ ማንም ቢያርዳት ይበላት ነበር።

እርስዎ ግን የእንግዳዎን ሃይማኖት አላስነካም ብለው ዶሮዋን በነጠላዎ ሸፍነው ወደ ሸማኔው ወደ አቦይ ኑርሁሴን ቤት ወረዱ። እስከዚያ ቀን ልጄ ቤትዎ እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር። ወታደር ደብቆ መገኘት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በመንደሩ ያሉት እስላም እሳቸውና ቤተሰባቸው ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸው መንገር ደግሞ ግድ ነበር፤ ያለ እሳቸው ዶሮዋ አትታረድም። ለአንድ የማያውቁት ልጅ፣ ያውም የጠላት ወታደር፣ ሥጋው በሃይማኖቱ እንዲሆንለት ብለው ነፍስዎን በጎረቤት እጅ አስያዙ።

ቀጥሎ የሆነውን ግን እርስዎ አላዩም። ለዚህ ነው እኔ የምነግርዎ።

አቦይ ኑርሁሴን ገብተው «አሰላሙ አለይኩም» አሉት። ይስሐቅ ከጣይባ ልጅ ከሙስዓብ ጋር በሱቁ ደጃፍ ያደገ ነው፤ ሳያስበው «ወአለይኩሙ ሰላም» ብሎ መለሰ። እርስዎ «አላልኩዎትም?» በሚል ዓይን አቦይን አይተዋቸው ውኃ ለማምጣት ወጡ። ያኔ ይስሐቅ ሽማግሌውን ቢላ ይዘው ቆመው አየ። ዶሮዋን አላያትም፤ ከበር ውጭ ነበረች። ሊያርዱኝ መጡ አለ። መነሳት አይችል። ዓይኑን ጨፈነና «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ነፍሴን ተቀበላት» ብሎ መጸለይ ጀመረ።

አቦይ ኑርሁሴን ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋቢ ይነግዱ ስለነበር አማርኛቸው ጥሩ ነው። «ልጄ፣ የመጣሁት ለዶሮዋ ነው» አሉት። ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይስሐቅ ያሉትን ቃል በቃል ይዞታል።

«አንተ የእኛ አይደለህም። ግን ዝም በል። ለተኪዳን በሚካኤል ምላ የማትዋሽ ሴት ናት፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እስላም ነህ ብላ ካመነች የጠየቃት ሰው ቢኖር ሳትዋሽ ታድንሃለች። እኔም የእህቴ ልጅ ነው እላለሁ። እውነቱን ከነገርካት ግን ወይ ትዋሻለች ወይ ታስበላሃለች፤ ሁለቱንም አትችለውም።»

ዶሮዋ በቢስሚላህ ታረደች። ከአቦይ ቤት በመጣ ድስት ሠሩለት፤ የራስዎን ድስት እንዳያረክስብዎት። ይስሐቅ ከበላ በኋላ አንዱን እግር አንስቶ ሲዘረጋልዎ እጁን መልሰው «ለእኔ አይሆንም፣ አንተ ብላ» አሉት። በእስላም የታረደ እርስዎ እንደማይበሉ ያን ጊዜ ነው የገባው። እርስዎ በዚያ ቀን የቀመሱት ቆሎ ነበር፤ እሱም እፍኝ አይሞላም። የቤትዎን የመጨረሻ ዶሮ፣ ለራስዎ በማትሆንበት መንገድ አሳርደው፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት፣ እስኪጨርስ ቁጭ ብለው አዩት።

ልጄን እስከ ዛሬ የሚበላው ይህ ነው። «እውነቱን ብናገር ክርስቲያን ያርዳትና እሷም ትበላ ነበር» ይለኛል። ከቁስሉ ይልቅ ይህ ነው የሚያመው።

የቀረውን ያውቁታል። ከዚያን ቀን ወዲያ ቀን ቀን አቦይ ቤት መዋል ጀመረ፤ ኮፍያ አደረጉለት፤ ድርና ማግ አስተማሩት። ታጣቂዎች የተደበቀ ወታደር አለ ተብሎ ቤት ለቤት ሲፈትሹ ይስሐቅ ሸማ እየሠራ ነበር። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚሠራው፤ የቆሰለው እግሩ እዚያ ውስጥ ስለነበር አላዩትም። አቦይ «አፋር አገር ካገባችው እህቴ የተወለደ ነው፣ ትግርኛ አያውቅም» አሉ። ልጄ መልኩም ጠየም ያለ ነው፤ ነገሩ ያስኬዳል። አለቃቸው ግን አላመነም። የአቦይ ቃል ብቻ አልበቃውም፤ እርስዎ ምለው እንደማይዋሹ ያውቃልና እርስዎን አስጠራ። «አደይ፣ የሰውየው ዘመድ ከሆነ እስላም ነው። በሚካኤል ይማሉልኝ፤ ይህ ልጅ እስላም ነው?» አለዎት። ከዚህ ሌላ አልጠየቀዎትም።

እርስዎም ማሉ። እስላም ነው አሉ። ዶሮዋን በእስላም እጅ አሳርጄ ያበላሁት እኔ ነኝ አሉ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠይቆዎት ሄደ።

ይስሐቅ ይህን ሲነግረኝ ደግሜ አስነገርኩት። ካሉት ውስጥ አንድም የዋሹት የለም። የተናገሩት የሚያውቁትን፣ ያመኑትን ነው፤ ያዳነውም ይኸው ነው።

ሰላም ሲወርድ አቦይና እርስዎ በአህያ እስከ አስፋልቱ ሸኛችሁት። እኔ ዘንድ በደረሰ ቀን ጣይባ ሱቋን ክፍት ትታ ነው የሮጠችው። ስልክ ሲከፈት ደግሞ የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ከእርስዎ ነበር፤ የዒድ ዕለት። «እንኳን ለዒድ አደረሰህ» ሊሉት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዒድ አልረሱትም። ረመዳን ሲገባም ጾሙ እንዳይጎዳው፣ ያ እግሩ ገና ነው እያሉ ለመምህር ዳንኤል ይነግሩታል፤ እሱም በአማርኛ ይነግረናል። ይስሐቅ «አሜን አደይ» ይላል፤ ፊቱ ይቀላል። ሙስዓብ ሰምቶ አንድ ዓመት ሙሉ መጫወቻ አደረገው። በሱቁ በኩል ሲያልፍ «ሸህ ይስሐቅ፣ ሶላት አመለጠህ!» ይለዋል። እኔም ስልኩ ለምን በዒድና በረመዳን ብቻ ይጠራል ብዬ ብጠይቀው ነው ሁሉንም የነገረኝ።

ለጣይባ ነገርኳት። ስለ ቢላው ስነግራት ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። «ሽማግሌው ብልህ ናቸው» አለች። ከዚያ ስለ ዶሮዋ ነገርኳት። ባንኮኒውን በጨርቅ ስትወለውል ቆይታ፣ «ሎሚ፣ ለእኔ ሃይማኖት እንዲህ የተጨነቀልኝ ክርስቲያን አላውቅም፤ እሱም ለእኔ ሳይሆን ለአንቺ ልጅ ሆነ» አለችኝ።

እንግዲህ አደይ፣ ልጄ ዝም ያለው መሐላው እንዳይከብድዎ ፈርቶ ነው። በሚካኤል የማሉት ነገር እውነት እንዳልነበረ ቢያውቁ እንቅልፍ ያጣሉ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ አልኩት፤ ሴትዮዋ ልጇን ቀብራ እንኳ አላለቀሰችም፣ መርዶ ብቻ ነው የደረሳት፤ ከዚህ ወዲያ በቤቷ የተሸፈነ ነገር ሊኖር አይገባም። ስለ መሐላው ካህን ምን እንደሚልዎ አላውቅም፤ ንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። በእኔ አስተያየት ግን ሸክም ካለው ሸክሙ የልጄ ነው፣ ከእሱም ላይ እኔ አንስቼ ልሸከመው ፈቃደኛ ነኝ። አቦይ ኑርሁሴንንም አይቀየሟቸው። ጎረቤትዎ ናቸው፤ ነገ እሳት የምትጫጫሩት ከእሳቸው ጋር ነው።

ከገበያ ስመለስ ማታ ማታ ይስሐቅን አየዋለሁ። ያነክሳል፤ ጣሪያው ላይ ለመውጣት ያ እግር ስላስቸገረው ሙስዓብን ከላይ አውጥቶ እሱ ከታች ሆኖ ያዝዘዋል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። ያን ጭቅጭቅ በሰማሁ ቁጥር የእርስዎን ስም በልቤ እጠራለሁ። ይህን በስልክ እንዴት ብዬ ልንገርዎ ነበር?

ፈቃድዎ ከሆነ ይስሐቅ በግንቦት ይመጣል። የእስላም ኮፍያ ሳያደርግ፣ ማተብም ሳያስር፣ የወታደር ልብስም ሳይለብስ፣ እንዲሁ ይስሐቅ ሆኖ ይመጣል። እኔም አብሬው እመጣለሁ። ከጅማ አልፌ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እኛ ተዝካር አንበላም፣ እንዴት ትሄጃለሽ ብለውኛል። ልበላ አይደለም የምሄደው አልኳቸው። የእኔ ልጅ ለቅሶ ሳይደረግለት የቀረው ያቺ ሴት ስላለች ነው፤ ለእሷ ልጅ ለቅሶ እኔ ካልደረስኩ ማን ይድረስ? ሽማግሌው ለመንገድሽ እንጸልያለን ብለው ሄዱ።

ለቅሶ ላይ አማርኛው አይመጣልኝም። እኔ የማለቅሰው እናቴ ባስተማረችኝ በቤንች ቋንቋ ነው። ከደጅዎ ስገባ የምለው ማንም አይገባውም፤ መምህር ዳንኤልም ሊተረጉመው አይችልም፣ አይድከም። በመሀሉ ግን የሐዲስን ስም ይሰሙታል።

የይስሐቅ እናት
ሎሚ
ከሚዛን ተፈሪ